የጥያቄው ባለቤት



የሳይንስ ክበቡ አባላት «በሳይንስ ቀን ንግግር ያድርጉልን» ብለው ሲጋብዙኝ ርዕሱን ለእኔ ነው የተዉልኝ። አንዷ ግን ልትወጣ በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ «ቲቸር፣ በእኛ ዕድሜ የእውነት ምርምር የሠራ ሰው አለ? ለኤግዚቢሽን ሞዴል የሠራ ሳይሆን የእውነት?» አለችኝ። ዛሬ የምናገረው ለእሷ መልስ ነው። አዎ፣ አለ። በመጀመሪያ ታሪኩን እነግራችኋለሁ። ቀጥዬ የተገኘው ነገር ምን እንደሆነ በቤታችን ቋንቋ አስረዳችኋለሁ። በመጨረሻ እኛን ወላጆችንና መምህራንን የሚመለከት ነገር አለኝ። ሦስቱን የሚያያይዘው ሐሳብ አንድ ነው፦ ጥያቄ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ብዙ ጊዜ እኛ የምንገምተው ሰው አይደለም።

ወደ ታሪኩ ልግባ።

ልጅቷ ኤላና ሳይመን ትባላለች፤ የኒው ዮርክ ልጅ ናት። በልጅነቷ ሆዷን ያማት ነበር። ሕመሙ ሲሄድ ሲመጣ ምክንያቱ ሳይታወቅ ቆየ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት ጉበቷ ላይ ካንሰር ተገኘ።

እኛ አገር የጉበት ነገር ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚያስበው የወፍ በሽታን ነው። ልክ ነው፤ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ የሚባሉት ቫይረሶች ጉበት ውስጥ ለዓመታት ተቀምጠው ያቆስሉታል፣ ያጠባሱታል። አብዛኛው የጉበት ካንሰርም የሚነሳው እንዲህ ከተጎዳ ጉበት ነው። የኤላና ግን ከዚህ የተለየ ነው። ፋይብሮላሜላር ይባላል። የሚይዘው ልጆችንና ወጣቶችን ነው፤ ያውም ጉበታቸው ደህና የነበረውን። በሕክምና ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎም መነሻው አልታወቀም ነበር። የሚይዘው ሰው ጥቂት ስለሆነ የሚያጠናውም ጥቂት ነው። በተለመደው የካንሰር መድኃኒት በቀላሉ አይበገርም፤ ዋናው መላ ዕጢውን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው።

ኤላናን ቀዶ ሕክምና ያደረጉላት ዶክተር ማይክል ላኳግሊያ ይባላሉ። ዕጢው ወጣ፤ ልጅቷም ድና ወደ ትምህርቷ ተመለሰች።

ከእንዲህ ያለ ሕመም የዳነ ሰው ዳግመኛ ስሙን መስማት ባይፈልግ አይፈረድበትም። እሷ ግን ሁለተኛ ደረጃ ስትደርስ፣ ኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ትወድ ስለነበር፣ የካንሰር የዘረመል መረጃ በኮምፒውተር የሚተነተንበት ላቦራቶሪ በተለማማጅነት ገባች። እዚያ የምታየው የሌሎች ሰዎችን ካንሰር ነው። ያን እየሠራች ነው ጥያቄዋ የመጣው፦ ይህንኑ መንገድ በእኔ በሽታ ላይ ለምን አንሞክረውም?

ልጆች፣ ይህን ጥያቄ ልብ በሉት። ረቂቅ አይደለም። ለመጠየቅ የዶክትሬት ዲግሪ አይጠይቅም። ግን በዓለም ላይ ስንት ሰው ሊጠይቀው ይችል ነበር? ለአብዛኛው ሐኪም ፋይብሮላሜላር በወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ያለች አንዲት አንቀጽ ናት። ለእሷ ሆዷ ላይ ያለ ጠባሳ ነው። ማታ ልብሷን ስትቀይር ታየዋለች። ጥያቄው የእሷ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ከዚያ ሥራው መጣ። ከባዱ ነገር ማሽኑ እንዳይመስላችሁ፤ ናሙናው ነው። በሽታው ብርቅ ስለሆነ በቂ የዕጢ ናሙና በአንድ ቦታ ተከማችቶ አይገኝም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶቻችን፤ እዚህ ግን የሚያስፈልገው አለመደበቅ ብቻ አልነበረም፤ ከራስ ሰውነት የወጣውን ቁራጭ ለማያውቁት ተመራማሪ መስጠት ነበር። በተለያየ ቦታ ያሉ ሕሙማን ሰጡ። ላኳግሊያ ረዱ። የኤላና አባት ሳንፎርድ ሳይመን በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የሴል ሳይንስ ተመራማሪ ናቸው፤ ላቦራቶሪያቸውን ከፈቱ። ጆሹዋ ሃኒማን የተባለ ወጣት ሐኪም አብሯት ሠራ። የኒው ዮርክ የጂኖም ማዕከል የዲኤንኤውን ፊደሎች በማንበብ ተባበረ።

ውጤቱ ሳይንስ በተባለው ታዋቂ መጽሔት ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. የካቲት 28 ቀን 2014 ነው። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 21 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ለዓድዋ በዓል ሁለት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ከደራሲዎቹ ዝርዝር መጀመሪያ ሃኒማን፣ ሁለተኛ ኤላና ሳይመን። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ፣ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ።

እሺ፣ ምን አገኙ? ወደ ሁለተኛው ነጥቤ መጣሁ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም «አንዲት ልጅ የካንሰር ጂን አገኘች» ብሎ ማለፍ ለልጅቷም ለእናንተም ክብር አይመጥንም።

በሴላችን ውስጥ ያለው የዲኤንኤ አንድ ቅጂ ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደል ነው። አንድ ገጽ ሁለት ሺህ ፊደል ይይዛል ብንል አንድ ሚሊዮን ተኩል ገጽ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ስህተቱ የት እንዳለ እንዴት ይገኛል? የአንዱን ሰው ከሌላው ሰው ጋር ብታስተያዩ አይሆንም፤ ጤነኛ የሆኑ ሁለት ሰዎችም በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ፊደሎች ይለያያሉ። ስለዚህ የአንዱን ሰው ከራሱ ጋር አስተያዩ። ከሕመምተኛው ዕጢ አንድ ቁራጭ፣ ከዚያው ሰው ጤነኛ ጉበት ሌላ ቁራጭ። ሁለቱም የአንድ ሰው ስለሆኑ በአንዱ ኖሮ በሌላው የማይገኘው ነገር ጥርጣሬ ይወድቅበታል። ከዚያ ይህንኑ በሁለተኛው ሰው፣ በሦስተኛው፣ በአራተኛው መድገም። በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ነገር ከተገኘ እሱ ነው የሚፈለገው።

የተገኘው ክሮሞዞም 19 ላይ ነው። ወደ 400,000 የሚጠጋ ፊደል ከመሃል ጠፍቷል። በገጽ ካሰብነው ሁለት መቶ ገጽ ያህል ተቀዶ ወጥቷል።

አሁን የእናታችሁን የምግብ አሠራር ደብተር አስቡ። ያቺን በእጅ የተጻፈች፣ ጠርዟ ዘይት የነካት። አንዱ ገጽ ላይ የዶሮ ወጥ አሠራር ይጀምራል፦ ሽንኩርቱን ክተፊ፣ ያለ ዘይት አቁላዪ፣ በርበሬውን ጨምሪ። ከዚያ ብዙ ገጽ ይቀደድና ቀጥሎ የሚመጣው የጠላ አሠራር መጨረሻ ነው፦ አፉን ግጠሚውና ለቀናት ይቀመጥ። ደብተሩን ብቻ አምና የምትሠራ አዲስ ሙሽራ ምን ታደርጋለች? ቁሌቱን ሠርታ በጋን ትከድነዋለች። እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ትክክል ነው። ስህተቱ መጋጠሙ ላይ ነው።

በጉበት ሴል ውስጥ የሆነውም እንዲህ ነው። ከተቀደደው በፊት ያለው ዲኤንኤጄቢ1 የሚባል ጂን ነው፤ ሥራው ሌሎች ፕሮቲኖች በትክክል እንዲታጠፉ መርዳት ነው። ከተቀደደው በኋላ ያለው ፒአርኬኤሲኤ የሚባል ነው፤ ይህ ለሌሎች ፕሮቲኖች «ሥራ ጀምሩ» እያለ ምልክት የሚሰጥ ፕሮቲን ያዛል። እንዲህ ያለው ፕሮቲን በልክ ሲሠራ ጤና ነው፤ ሰውነታችንም በልጓም ይይዘዋል። መሃሉ ሲቀደድ የአንደኛው ጂን ራስ ከሁለተኛው ገላ ጋር ተሰፋ። የመጀመሪያው ጂን በጉበት ውስጥ በብዛት የሚነበብ ስለሆነ፣ ከኋላው የተለጠፈው ምልክት ሰጪም አብሮት በብዛት ተመረተ። ልጓሙ አልበቃ አለ።

ይህ የተሰፋ ጂን በስንቱ ዕጢ ውስጥ ተገኘ? ከተመረመሩት አሥራ አምስት ዕጢዎች በአሥራ አምስቱም። ከዕጢው ጎን ባለው ጤነኛ ጉበት ውስጥ ግን የለም። በሕክምና ምርምር አሥራ አምስት ከአሥራ አምስት ማየት ብርቅ ነው። ተመራማሪዎቹ እንኳ በጽሑፋቸው «ምክንያቱ ይህ ነው» ብለው አልደመደሙም፤ ለበሽታው አስተዋጽኦ እንዳለው ያመለክታል ነው ያሉት። ተማሪዎች፣ ይህችን ጥንቃቄ ያዙልኝ። አብሮ መገኘትና ምክንያት መሆን ይለያያሉ። ልዩነቱን ለመዝጋት ሌሎች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ይህንኑ መቀደድ ሆን ብለው በአይጥ ጉበት ውስጥ ሠሩት፤ አይጦቹ ተመሳሳይ ዕጢ አወጡ። ያኔ ነው «ምክንያት» የሚለው ቃል በሙሉ አፍ የተነገረው። ዛሬ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ መጋጠሚያ ለይቶ የሰውነትን መከላከያ የሚያነሳሳ ክትባት በሕሙማን ላይ እስከ መሞከር ተደርሷል። በሽታው ግን አሁንም ወጣቶችን ይገድላል። የልጅቷ ሥራ መድኃኒት አላመጣም፤ የት እንደሚተኮስ አሳየ።

ስለ ሽልማቱ አጠር አድርጌ ልናገር፤ የአዳራሹ ግማሽ እሱን እየጠበቀ መሆኑን አውቃለሁ። የአሜሪካ የካንሰር ምርምር ማኅበር ለወጣት ተመራማሪ የሚሰጠውን ሽልማት ሰጣት፤ በዚያው ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በሺዎች በሚቆጠሩ ተመራማሪዎች ፊት ውጤቷን አቀረበች። በዚያው ዓመት በዋይት ሐውስ የሳይንስ አውደ ርእይ ላይ ተጋበዘች። ደስ ይላል፤ ይገባታልም። ከእኛው ልጆችም አዲስ አበባ ተወልዶ ቨርጂኒያ ያደገው ሄመን በቀለ እ.ኤ.አ. በ2023 ለቆዳ ካንሰር ሕክምና ባቀረበው የሳሙና ሐሳብ በአሜሪካ የወጣት ሳይንቲስቶችን ውድድር ሲያሸንፍ ሁላችንም ስልካችን ላይ ተቀባብለነዋል። ግን ቅደም ተከተሉን አስተውሉ፦ ጥያቄ፣ ናሙና፣ ሥራ፣ ጽሑፍ፣ ከዚያ ሽልማት። መማሪያ መጽሐፋችሁ ላይ ያለው ሜንዴል ስምንት ዓመት አተር ሲያዳቅል ኖሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1866 አሳተመ፤ ዓለም የተረዳው በ1900 ነው፣ እሱ ከሞተ ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ። ለአተሩ ሥራ ሜዳልያ ያጠለቀለት አልነበረም።

አሁን ከኋላ የተቀመጡ ወላጆች በልባቸው የሚሉትን እሰማለሁ። «አባቷ ሳይንቲስት፣ ከተማዋ ኒው ዮርክ፣ ሐኪሟ ስመ ጥር። የእኔ ልጅስ?» እውነት ነው። ልደብቀው አልፈልግም። ያ ሁሉ ባይኖር ጥያቄዋ ጥያቄ ሆኖ በቀረ ነበር። ስንት ልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ በር አጥቶ እንደቀረ ሳስብ ያመኛል። ሦስተኛው ነጥቤም ይኸው ነው፦ የጥያቄው ባለቤት ልጁ ሲሆን የበሩ ባለቤት እኛ ነን።

አባትየው ምን አደረጉ? ላቦራቶሪ ሰጡ፣ ሰው አገናኙ፣ አብረው ሠሩ። ጥያቄው ግን የልጃቸው ሆኖ ቀረ። እኛ ላቦራቶሪ ላይኖረን ይችላል። በሩ ግን ሁልጊዜ ላቦራቶሪ አይደለም። ጄንባንክ የሚባለው የዘረመል መረጃ ማከማቻ ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ ዛሬ ኢንተርኔት ያለው ሁሉ ያለ ክፍያ ይገባበታል። ባለፈው ወር አራት ተማሪዎች ይዤ ኮምፒውተር ክፍላችን ውስጥ ገባሁ። መብራቱ ሁለቴ ጠፋብን። ሦስተኛው ላይ ከእነዚያ ሁለት ጂኖች የአንዱን ስም ጻፍን፤ ገጹ ቀስ እያለ ተከፈተና ክሮሞዞም 19 የሚል አወጣልን። አንደኛው ልጅ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ «ይኸው፣ እዚህ ጋ ነው የተቀደደው» አለ። ድምፁ ውስጥ የነበረውን ነገር ልነግራችሁ አልችልም። ኒው ዮርክ ያለው ተመራማሪ የሚያየውን ገጽ ነው ያየው።

ከኮምፒውተር ውጭ ሌላም በር አለ። ይህች አገር በዘር ሀብት ድሃ አይደለችም። የጂን ባንካችንን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት የአገራችንን የሰብል ዘር ከመጥፋት ለማዳን በሠሩት ሥራ ነው። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ዘሩን በማቀዝቀዣ ከማስቀመጥ አልፈው በገበሬው ማሳ ላይ እንዲቆይ መሥራታቸው ነው። ይህ ገብስ ለጠላ፣ ያኛው ለቆሎ፣ ይኸኛው ውርጭ የሚችል ብሎ የሚለየው ገበሬው ነው። ጥያቄውንም ግማሽ መልሱንም የያዘው እሱ ነው። ዶክተር መላኩ ያን ስላወቁ ሄደው ጠየቁት።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገርና ልጨርስ።

ከሁለት ዓመት በፊት ስለ ውርስ እያስተማርኩ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ እጇን አወጣች። ታናሽ ወንድሟ ቲማቲም ግዛ ተብሎ ሲላክ ጥሬውን ከበሰለው ቀላቅሎ ያመጣል። እናቱ ትቆጣዋለች፣ እሱ ያለቅሳል። «አጎቴም፣ የእናቴ ወንድም፣ እንዲሁ ነው። ለምን ወንዶቹን ብቻ?» አለችኝ። ሰዓቱ ሊያልቅ ስምንት ደቂቃ ነበር የቀረው። «ፈተና ላይ የሚመጣ አይደለም፣ ሌላ ጊዜ» ብዬ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። የልጅቷ እጅ ቀስ ብሎ ሲወርድ በዓይኔ ጥግ አይቼዋለሁ። ያ እጅ ብዙ ሌሊት ነሥቶኛል።

በሳምንቱ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኋት። ቀይና አረንጓዴ መለየት አለመቻል በኤክስ ክሮሞዞም የሚተላለፍ መሆኑን፣ ወንድ አንድ ኤክስ ብቻ ስላለው አንዱ ሲበላሽ መተኪያ እንደሌለው፣ ሴቷ ግን ሁለት ስላላት ሳይታወቅባት ተሸክማ ልታስተላልፍ እንደምትችል ነገርኳት። የዘር ሐረግ አሳሳልም አሳየኋት፦ ክብ ለሴት፣ አራት ማዕዘን ለወንድ፣ ችግሩ ያለበት ይጠቆራል። ደብተሯን ይዛ ሄደች። ከእኔ የወጣው ይህ ብቻ ነው፤ አሥር ደቂቃ አይሞላም።

ቀሪውን እሷ ሠራችው። ቤተሰቡን አስፈቅዳ ወንድሟንና አጎቷን ጠየቀች፤ ቃሪያ በሳህን አቅርባ ፈተነቻቸው። በክረምቱ እረፍት ጅማ አካባቢ ያሉ አያቷ ዘንድ ሄደች። አጎቷ ከእናቱ ካልወረሰ ሌላ መንገድ ስለሌለ፣ አያቷ ተሸካሚ መሆን አለባቸው ብላ አስባለች። ታዲያ እሳቸው ከማን አገኙት? «እማማ፣ የአባትዎ ዓይን እንዴት ነበር?» ብላ ጠየቀች። አሮጊቷ ዓይኑስ ደህና ነበር አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን፣ ቡና ለቀማ ላይ ሁልጊዜ ጥሬውን ከቀዩ እየቀላቀለ ይለቅም ስለነበር ወንድሞቹ ለቀማ አያስገቡትም፣ እሱ ማድረቁን ነበር የሚሠራው አሏት። ሰነፍ ነው ይሉት ነበር አሉ፤ እሳቸውም እስከዚያ ቀን ድረስ ሰነፍ ነበር ብለው ነው የሚያምኑት። ልጅቷ ደብተሯን አውጥታ ከላይ ያለውን አራት ማዕዘን አጠቆረችና ምን ማለት እንደሆነ ነገረቻቸው። አያትየው አለቀሱ።

ያ ደብተር ዛሬ ከአዳራሹ በስተግራ ባለው ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ አለ። አራት ትውልድ ነው። ከታች በኩል ወንድሟ አጠገብ አንዲት ክብ ታገኛላችሁ፤ ራሷ ናት። ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ግማሽ በግማሽ ስለሆነ በክቡ ውስጥ የጥያቄ ምልክት አድርጋበታለች። አጠገቡ ቆማለች፤ የምትጠይቁት ካለ እኔን ሳይሆን እሷን ጠይቋት።